ሳቅ ከቀብር በኋላ

የፊታውራሪ መሸሻ ዘመቻ ያስቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን የጠየቀ ሰው ራሱ ይሳቅበት ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበም፣ ሳያነብ በሬዲዮ የሰማም፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል፤ ፊታውራሪው ላይ ሲደርስ ይስቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነበር። ዛሬ ግን እኔ በማውቃቸው ቤቶች ውስጥ ደንቡ ፈርሷል። በአንድ ምድጃ ዙሪያ ከተቀመጡ ሰዎች አንዱ እንባው እስኪፈስ ይስቃል፣ ሌላው «በእናታችሁ አጥፉልኝ» ይላል። ቀልዱ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው። ሰሚው ነው ለሁለት የተከፈለው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ። ፊታውራሪ መሸሻ የሰብለ ወንጌል አባት ናቸው፤ በዘራቸው የሚኮሩ የዲማ አካባቢ ጌታ። ባላገሩ ከልማዱ በላይ እንዲያመጣላቸው ይጠይቃሉ፤ ባላገሩ እምቢ ይላል። እምቢታውን እንደ ድፍረት ቆጥረው ጦር ያስከትታሉ። ዘመቻው በውጭ ጠላት ላይ አይደለም፤ በሚያበላቸው ገበሬ ላይ ነው። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ይገጥሟቸዋል፤ ፊታውራሪው ይሸነፋሉ፣ ይማረካሉም። ሳቁ ያለው በቃሉና በሥራው መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። እንደ ዐድዋ ዘማች ተነሥቶ፣ የሰው ማሳ ውስጥ እንደ ተገኘ በሬ ተይዞ መቅረት ያስቃል። ጎጃም ውስጥ ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ላደገ ሰው ደግሞ የበለጠ ያስቃል፤ ፎካሪ ሁሉ ጀግና እንዳልሆነ ልጅም ሆኖ ያውቀዋልና።

እኔ የማንኩሳ ልጅ ነኝ። ልብ ወለዱ የሚጀምረው እኛ ጋ ነው፤ የበዛብህ አባትና እናት፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በአስፋልቱ ስትሄዱ መኻል ላይ የምታገኟት፣ በበርበሬዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ አገሬን ስናገር «ኦ፣ የበዛብህ አገር!» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ደስ ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ያው ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «መንገዱ ተከፈተ? ቤተሰቦችሽ ደኅና ናቸው?»

ቤታችን ውስጥ መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር ያነበብነው ሁለት ነን። የቀሩት የሰሙት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም ሲተርከው የሰማ ትውልድ፣ ዛሬም ፊታውራሪ መሸሻን ሲያስብ የሚመጣበት የወጋየሁ ድምፅ ነው። ያ ትረካ ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከዚያ ወደ ዩቲዩብ ተሻገረ። በክልሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው በሚሞሪ ካርድ ነበር። ለወራት አዲስ ዘፈን አልመጣም፣ አዲስ ቪዲዮ አልመጣም፤ የነበረው ነው ደጋግሞ የሚሰማው። ስለዚህ አንድ ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የጦር ቀልድ፣ እውነተኛ ጦርነት ባለበት አገር፣ ማታ ማታ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ ከረመ። ክፍፍሉን ያየሁትም እዚያ ነው።

በመጀመሪያ ስለሚስቁት ልናገር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሁላችንም በላይ ይስቃሉ። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ከተወሰዱት ልጆች አንዱ ነበሩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው ብዙ ቀን ተጉዘው ማንኩሳ የገቡ ሰው ናቸው። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ ስለ ጫማ ነው የሚያወሩት፤ የማን ጫማ እንዴት እንደ ተቀደደ፣ ማን በባዶ እግሩ እንደ መጣ። ስለ ሌላው አያወሩም። የፊታውራሪው ዘመቻ ሲመጣ ግን ገና ሳይጀመር ይስቃሉ።

አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ይኼን ስንት ጊዜ ሰምተውታል? አሁንም ያስቅዎታል?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በፊታውራሪው መቼ ሳቅሁ» አሉኝ። «እኔ የምስቀው በሻለቃችን ነው። ካምፕ ውስጥ ሆነን በሬዲዮ ስንሰማው ሁላችንም በሻለቃው ነበር የምንስቅ። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር፤ በማን እንደ ሳቅን መች ዐወቀና!»

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በደርግ ጊዜ በአለቃህ ላይ በግልጽ መሳቅ ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ የባላባት ዘመን ፊታውራሪ ላይ መሳቅ ግን ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ፊውዳሉን ስለሚያዋርድ የሚወደድ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ወርቁን ለራሱ ይዞ ሰሙን ለአለቃው ትቶለታል። ያ ቀልድ ለአጎቴ መዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ ምሽግ ውስጥ ሳሉ ሰው ሆነው የቆዩበት አንዱ መንገድ ነው። ስለዚህ «በጦርነት ቀልድ የሚስቅ ሰው ጦርነትን አያውቅም» የሚሉኝን አልቀበልም። ከቤታችን ጦርነትን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው ነው ከሁሉም በላይ የሚስቀው።

ወጣቶቹም ይስቃሉ፤ የእነሱ ሳቅ ግን ሌላ ጣጣ አለው። የአክስቶቼና የአጎቶቼ ልጆች፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ጓደኞቼ፣ ትረካውን ቆራርጠው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያደርጉታል። በቅርብ ዓመታት መጽሐፉ የቴሌቪዥን ድራማ ስለሆነም ፊታውራሪው እንደገና የሁሉም ወሬ ሆነዋል። እዚህ ላይ ጥያቄው «ያስቃል?» መሆኑ ቀርቶ «ፊታውራሪው ማን ነው?» ይሆናል። አንዱ «መንግሥት ነው፤ በሚያበላው ገበሬ ላይ የዘመተ» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወኝ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ዛሬ መንገድ ዘግቶ ‹አምጣ› የሚለኝ ነው፤ የትኛውንም ባንዲራ ይያዝ» ይላል። ሁለቱም በአንድ ቀልድ ስቀዋል። ሁለቱም ግን አንዱ ሌላው በምን እንደ ሳቀ ያወቀ ዕለት ለሳምንት ተኳርፈዋል። አጎቴና ጓዶቻቸው በአንድ ሰው ላይ ይስቁ ስለነበር ሳቁ አንድ ያደርጋቸው ነበር። እኛ ግን እየሳቅን እንለያያለን።

ሦስተኛዋ ሰሚ የእናቴ እህት ናቸው። እትዬ አይስቁም።

ድሮ ይስቁ ነበር። እንዲያውም በፊታውራሪው ድምፅ እያስመሰሉ ልጆቹን የሚያስቁት እሳቸው ነበሩ። የመጨረሻ ልጃቸው አንድ ቀን ከቤት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ከማን ጋር እንደሆነ አልጽፍም፤ ቤት ውስጥም ጮክ ብለን አንለውም። ለእትዬ ልዩነትም የለውም። አንድ ማታ ትረካው ዘመቻው ላይ ሲደርስ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን አጠፉት። ማንም ምንም አላለም። ቆይተው ግን እንዲህ አሉ፤ «እነዚያ የተከተሉት ልጆች እናት የላቸውም? ስንቁን ማን አሰናዳው?»

ከፊታውራሪው ጀርባ የሚከተለውን ሰው እኔ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔ ሁልጊዜ ፊታውራሪው ላይ ነበር። ኮሜዲ የሚሠራውም እንዲህ ነው፤ መብራቱን አንድ ሰው ላይ አድርጎ የቀረውን ያጨልመዋል። በጨለማው ውስጥ ያለውን ካየህ መሳቅ አትችልም። በሶውን የፈጨችው፣ ድርቆሹን ያደረቀችው፣ «በል በሰላም ተመለስ» ብላ ደጅ የቆመችው ሴት ከታየች ዘመቻው ቀልድ መሆኑ ይቀራል። እትዬ ቀልዱ አልገባቸው ብሎ አይደለም። ከእኛ የበለጠ ነው ያዩት።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱን በዕድሜ ስፈልገው ነበር፤ ሽማግሌ ይስቃል፣ ወጣት አይስቅም እያልሁ። አልሠራም። በፖለቲካ ፈለግሁት፤ እሱም አልሠራም። መልሱን ያገኘሁት ለቅሶ ቤት ነው።

አገራችን ውስጥ «ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል። ሰው በሐዘኑ መኻል ድንገት ሲስቅ፣ አፍሮ አፉን ሲይዝ፣ ጎረቤቱ የሚለው ነው። ጥርስ የቤት ሰው አይደለም፤ የሆድን ሐዘን አያውቅም፣ ስለዚህ ይቅር ይባላል። ለቅሶ ቤት ያደረ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። ከቀብር በኋላ፣ ማታ፣ ካርታ የሚጫወቱት ጥግ ላይ ቀልድ ይጀመራል። ብዙ ጊዜም ቀልዱ ስለ ሟቹ ነው፤ እንዴት ይቆጣ እንደነበር፣ በቅሎ እንዴት እንደ ጣለችው። ሐዘንተኛውም ከፍራሹ ላይ ሆኖ ይሰማል፣ ትንሽ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይስቃል። ማንም ነውር አይለውም፤ እንዲያውም ቤተሰቡን «ለማጫወት» የሚመጡ የታወቁ ሰዎች አሉ።

ይህ ግን ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ መርዶ፣ ቀጥሎ ቀብር፣ ከዚያ ማታ ማታ ጨዋታ፣ ሰልስት፣ አርባ። አስከሬን ቤት ውስጥ እያለ የሚቀልድ ሰው በዱላ ይባረራል። መርዶ ባልተነገረበት ቤት የሚቀልድማ ጭራሽ የለም። እና እኔ የማውቀው ክፍፍል በትክክል የሚያልፈው በዚህ መስመር ላይ ነው። የአጎቴ ጦርነት ተቀብሯል። ጓዶቻቸውን ያውቃሉ፤ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ተመለሰ ያውቃሉ፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የእትዬ ጦርነት ግን መርዶ እንኳ አልተነገረበትም። ጠፍቶ የቀረ ሰው ሰልስት የለውም፣ አርባ የለውም። ለእሳቸው በዚያ ዘመቻ መሳቅ ከቀብር በፊት መሳቅ ነው።

ይህ የእኛ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። የትግራዩ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ቆመ፤ ለቤተሰቦች መርዶ በይፋ የተነገረው ግን በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነው። ጦርነት ቆመ ማለት ሐዘን ተጀመረ ማለት እንኳ አይደለም። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ በትግራይ በአንድ ቤት በር ላይ ቆማችሁ የጦርነት ቀልድ ብታወሩ ምን ይሰማችሁ ነበር? ሚሊዮኖች ጦርነት ውስጥ ያለፉበት አገር ላይ፣ አንዱ መንደር አርባ ሲያወጣ ሌላው መርዶ እየጠበቀ ነው። አንድ ቀልድ ለሁሉም እኩል እንዲያስቅ መጠበቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ጸሐፊው ልመለስ፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ይህን ነገር ያብራራልኛልና። ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ፤ የአብነቱን ትምህርት በልጅነታቸው ተማሩ፤ በኋላ አስተማሪ ሆኑ። ጣሊያን ሲመጣ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ተከዜ ላይ ከአውሮፕላን ቦምብና መርዝ የወረደበት ጦር ነው። ከዚያ ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ እስረኛ ሆነው ዓመታት ቆዩ። ማለትም የፊታውራሪ መሸሻን ቀልድ የጻፉት ሰው ዘምተዋል፣ ተሸንፈዋል፣ ተማርከዋል። ምርኮ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

እና ልብ በሉ፤ የራሳቸውን ጦርነት ኮሜዲ አላደረጉትም። ያንን «ትዝታ» ብለው በትዝታነቱ ጻፉት፤ እሱም የታተመው በእርጅናቸው ነው። ቀልዱን ያስቀመጡት ሌላ ቦታ ነው፤ አውሮፕላን ከሌለበት ዘመን፣ ጎራዴና ጠመንጃ ይዞ በፈረስ ከሚመጣ፣ ስሙንና የአባቱን ስም እየጠራ ከሚፎክር ሰው ላይ። ለምን ይመስላችኋል? እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ ጦርነት እንዲያስቅ ጠላቱ ፊት ያስፈልገዋል። ፊታውራሪው ይታያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይኮራሉ፣ ስለዚህም ሊዋረዱ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕይወት ሊማረኩ ይችላሉ። የቀልዱ ምሰሶ ይኸ ነው። ገበሬው ጌታውን አልገደለውም፤ ይዞ አሳየው። ቢገድለው ኖሮ ማን ይስቃል?

ተከዜ ላይ ከሰማይ የመጣው ግን ፊት አልነበረውም። ልትማርከው አትችልም። ቢፎክርም አትሰማውም። እና ያንን ያዩት ሰው አልቀለዱበትም።

ጎጃም ይህን ልዩነት ደግሞ ደጋግሞ አይቶታል። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ ተነሣ። ልብ ወለዱ ወደ ሕይወት የመጣ ይመስል ነበር፤ ከላይ «አምጣ»፣ ከታች «እምቢ»። እንደ መጽሐፉም ገበሬው በከፊል አሸንፏል፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ከዚያ በፊት ግን የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደር ደብድበዋል። በመጽሐፉ ውስጥ አውሮፕላን የለም፤ ለዚያ ነው የመጽሐፉ አመፅ የሚያስቀው።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከማንኩሳ ቅርብ በሆነችው በፍኖተ ሰላም ከሰማይ የመጣ ጥቃት ደረሰ፤ የሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ማሰራጫዎች በተናገሩት መሠረት ቢያንስ 26 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንኩሳ ውስጥ ሰው ትረካ እየሰማም ቢሆን አንድ ጆሮው ውጭ ነው። ድሮን የሚያሰማውን ድምፅ የማያውቅ ልጅ የለም። እስቲ በዚህ ላይ ቀልድ ፍጠሩ። ማን ላይ ትቀልዳላችሁ? የሚፎክረው ማን ነው? ከፈረሱ የሚወድቀው ማን ነው? የእትዬ ዝምታ አንዱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል። የፊታውራሪው ዘመቻ እሳቸው ከሚኖሩበት ጦርነት ጋር አይመሳሰልም። ለእሳቸው ያ ቀልድ፣ ጦርነት ፊት በነበረው ዘመን የነበሩ ሰዎች ቅንጦት ነው።

የዓለም ኮሜዲ ሠሪዎችም እዚህ መስመር ላይ ተደናቅፈዋል። ቻርሊ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልም በሂትለር ላይ ሲሠራ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1940 ነበር፤ ጦርነቱ ገና ነው። በ1964 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ላይ ግን፣ በማጎሪያ ካምፖቹ ውስጥ የሚሠራውን ግፍ ያን ጊዜ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንደማይችል ጽፏል። መርዶው ሳይደርሰው ነው የቀለደው። ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ሰው መርዶውን ያውቃል፤ ስለዚህ አንዱ የድፍረት ሥራ ነው ብሎ ያከብረዋል፣ ሌላው አንዳንድ ትዕይንት ላይ ፊቱን ያዞራል።

አሜሪካኖቹ ብልጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው «ማሽ» የተባለው ፊልም የወታደር ሐኪሞች ኮሜዲ ነው። ታሪኩ ኮሪያ ነው፤ ልጆቻቸው እየሞቱ የነበሩት ግን ቬትናም ነበር። ያልተቀበረውን ጦርነት ሊቀልዱበት ስላልቻሉ የተቀበረውን ተዋሱ። በነገራችን ላይ ያች ኮሪያ የእኛም ናት፤ ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቆች ወታደሮች ዘምተውባታል፣ ከ120 በላይ ሞተውባታል። ዛሬ «ማሽ»ን የሚያዩ ወጣቶችም ተከፍለዋል፤ ግን በጦርነቱ አይደለም። የሚከፋፍላቸው በፊልሙ ውስጥ በአንዲት ነርስ ላይ የሚሠራው ቀልድ ነው፤ ወንዶቹ ተሰብስበው ገላዋን ስትታጠብ ድንኳኑን ይገልጡባታል። የያን ጊዜው ተመልካች ስቋል። የዛሬዋ ተመልካች ግን እንደ እትዬ በጨለማ የቆመውን ሰው አየች። ቀልድ ሲያረጅ መብራቱ ቦታውን ይቀይራል፤ ድሮ ያልታየው ይታያል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ቀልድ እንተወው? «ይታገድ፣ አሁን ጊዜው አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ቀልድ ለገበሬ የተሰጠ ነገር ነው። በጎጃም ታሪክ ውስጥ ገበሬ ግብር ከፍሏል፣ ዘምቷል፣ ተደብድቧል፤ ጌታውን ማርኮ የሳቀበትን ታሪክ ግን ስንት ቦታ ታገኛላችሁ? ሐዲስ የሳቁት በጦርነት ላይ አይደለም። የሳቁት ዘሩን ቆጥሮ የሰው ልጅ ሕይወት የኔ ነው በሚል ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ዛሬም በየስሙ አለ። እሱ ላይ መሳቅ ያቆምን ዕለት ደግሞ ፉከራውን ከልባችን ማመን እንጀምራለን። ያኔ ነው የሚያስፈራው።

«ማን ይስቃል፣ ማን ይከፋዋል ብለን አንጨነቅ፤ ጥበብ ነው» የሚሉም አሉ። በዚህም አልስማማም። እትዬ ስሜታቸው ስስ ስለሆነ አይደለም ስልኩን ያጠፉት። ልጃቸውን እየጠበቁ ስለሆነ ነው። ጥበብ ነው ብሎ መርዶ በሚጠበቅበት ቤት ካሴት የሚከፍት ሰው፣ ጥበቡንም ለቅሶውንም አላወቀም።

ለቅሶ ቤት ያስተማረኝን ነው የምይዘው። ለቅሶ ቤት ቀልድን አይከለክልም፤ ተራውን ይጠብቅለታል። ቀልደኛው ሲገባ በመጀመሪያ ሐዘንተኛውን ያያል። ፊቱን አይቶ ነው የሚጀምረው ወይም የሚተወው። ከተሳሳተም «ይቅር በሉኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ «ቀልድ አይገባችሁም?» አይልም። ይህን ሁሉም የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ስልካችን ላይ ስንሆን ብቻ የምንረሳው፣ የምንለቅቀው ቪዲዮ የማን ፊት ላይ እንደሚያርፍ ስለማናይ ነው። ከድሮኑ ጋር ልናወዳድረው አይገባም፤ ግን ፊት አለማየት እዚህም ችግር ነው።

ቤታችን ውስጥ የተፈጠረውን ልንገራችሁ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነም፤ ትረካው እትዬ ባሉበት አይከፈትም። ለአጎቴ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁላቸው፤ «ይኸው ጋሼ፣ ብቻዎን ይስሙ» ብዬ። ለሁለት ቀን ሞከሩት። በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ።

«ብቻን አያስቅም» አሉ። «ፊታውራሪ ሲማረክ አጠገብህ የሚስቅ ሰው ከሌለ፣ የተማረከው አንተ ነህ።»

ሚሞሪ ካርዱ አሁን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጎቴ አልጠየቁትም። የእትዬ ልጅ ወሬ እስኪመጣ፣ ደኅናም ይሁን ክፉ፣ እንዲሁ እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን።